የታጠበው ወለል

ንጋቱ ለሐበሻ ቤት ወለል ላያነጥፍ ከማለ አራት ዓመት አልፎታል። ያውም ሚካኤልን ጠርቶ ነው የማለው። ሰው ግን ሚስት እያለችው መሐላ የት ይጸናለታል? በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ሰመር ሚስቱ ስሂን አፈረሰችበት፤ ያፈረሰችውም ለበጎ ብላ ነበር።

መሐላው ከመሬት ተነስቶ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ንጋቱ አገር ቤት የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ከመጣ ወዲህ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጉልበቱ ላይ ትራስ አስሮ የእንጨት ወለል ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው። በዘጠና ሁለት ኪራኮስ የሚባል ሰውዬ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ምግብ ቤት ሊከፍት ቀን ቆርጦ፣ ካርድ በትኖ፣ ዘፋኝ ቀጥሮ ካበቃ በኋላ ወለል አንጥፍልኝ ብሎ መጣ። ንጋቱ ሲሚንቶውን ዳበሰውና «እርጥብ ነው፤ አንድ ወር ይቆይ» አለው። ኪራኮስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አለቀሰ። ያን የሚያህል ባለ ጢም ሰውዬ «በሞቴ ጋሽ ንጋቱ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ» እያለ አለቀሰ። ንጋቱ አንጀቱ አልችል አለና አነጠፈለት። በሦስተኛው ወር ወለሉ መሃል ለመሃል አብጦ ብድግ አለ፤ ጠረጴዛ አላስቆም አለ። ኪራኮስም ልቅሶውን ረስቶ ለገባው እንግዳ ሁሉ «ንጋቱ የሠራኝን ጉድ እዩልኝ» ይል ጀመር።

ይሄ ሳያንስ ዋለልኝ አለ። ዋለልኝ ታክሲ ነጂ ነው፤ ምላሱ ግን ከታክሲው ይፈጥናል። አንድ ቀን ኪራኮስ ቤት ቆሞ ያበጠውን ወለል በጫማው ጫፍ እየነካካ «የንጋቱ ወለል እኮ ጨዋ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ ይቀበላል!» አለ። በቃ። በሳምንቱ ቀልዱ ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሩቅ ጌይተርስበርግ ድረስ ገባ። ንጋቱ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚስቅ አይጠፋም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠራው ሁሉ ፈረንጅ ቤት ነው። አንዱም ወለል አላበጠም፣ አንዱም ሲረገጥ አልጮኸም። ምን ዋጋ አለው! ፈረንጅ ለቅሶ ቤት መጥቶ አይመሰክርለት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የንጋቱ ስም ግን ባለቤቱ ቆሞ እየሄደ መሳቂያ ሆኖ ቀረ።

ልሳነወርቅ የሚባል ሰው የመጣው በዚያው ሰመር በጁላይ ነው። እሱና ሚስቱ ብሩክታይት ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥተው ያልተሳሉበት ደብር አልነበረም፤ በመጨረሻ ሴት ልጅ ተሰጣቸውና ዮዳሄ አሏት። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝተዋል። ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ፣ በኦገስት ማለቂያ እሑድ ክርስትና ትነሳለች፤ መቶ ሃምሳ ሰው ተጠርቷል፤ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ካርፔት ደግሞ የድሮዎቹ ባለቤቶች ውሻ ሲተኛበት የኖረ ነው። «ጋሼ፣ ካርፔቱን አንስተህ ኦክ እንጨት አንጥፍልን» አለው። ንጋቱ እንቢ አለ። ስሂን ናት ሰምታ የተቆጣችው።

«ማን ነው የተጠራው?» አለችው። «እነዚያው የሳቁብህ አይደሉም እንዴ? ዋለልኝ ይመጣል፣ ኪራኮስ ይመጣል። በል ሂድና አንጥፍ! በእግራቸው ይርገጡትና አፋቸውን ይያዙ!»

ይህን ሲሰማ የንጋቱ ልብ ብድግ አለች። እውነቱን ለመናገር፣ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቃት ቀን ይህች ነበረች። ስለ መሐላው ከሚካኤል ጋር በሻማ ታርቆ «እሺ» አለ።

ሥራውን ከባልደረባው ከዋቅጅራ ጋር ያዙት። ዋቅጅራ ዊተን የሚኖር ሰው ነው፤ በቀን ከሃያ ቃል በላይ አያወጣም፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹ «እሺ» ነው። ካርፔቱን ገፈው ጣሉት። ከሥሩ ያለው ፕላይውድ፣ የአገር ቤት አናጢ ኮምፔርሳቶ የሚለው ማለት ነው፣ ምስማሩ ላልቶ እግር ባረፈበት ቁጥር ይጮኻል። ፕላይውዱን ከታች የተሸከሙት እንጨቶች በየት በየት እንደሚያልፉ እየፈለጉ በእርሳስ አሰመሩ፤ መስመር መስመሩን ይዘው ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ በብሎን ጠፈሩት። ንጋቱ በጉልበቱ እየዳኸ ረጅሙን ቀጥ ያለ ብረት ያጋድማል። ከብረቱ ሥር ብርሃን ካለፈ ጎድጓዳ ነው፣ ይሞላል፤ ብረቱ ከተወዛወዘ ጉብታ ነው፣ ይላጋል። እንዲህ ሲያደርግ ሁለት ቀን ዋለ። ዋቅጅራ እንኳ ትዕግሥቱ አልቆ «ጋሼ፣ ይሸፈናል እኮ» ቢለው፣ «የሚሸፈነው ነው የሚያዋርደው!» ብሎ ጮኸበት።

ኦኩ ቀደም ብሎ መጥቷል። ቫርኒሹ ከፋብሪካ ተቀብቶ የመጣ፣ ጠበብ ጠበብ ያለ፣ አንዱ ጎኑ ምላስ፣ ሌላው ጎኑ የምላስ ማስገቢያ ያለው ቆንጆ እንጨት ነው። ከወለሉ ከፍ ብሎ ከሳሎኑ ጎን ባለው ክፍል ተደርድሮ የቤቱን አየር እንዲለምድ ሳምንት ተቀምጧል። እንጨት ተቆረጠ ብላችሁ ሞተ እንዳትሉ፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲያጣ ይኮማተራል። ለክርስትናው አምስት ቀን ሲቀር፣ ማክሰኞ ማምሻውን፣ ንጋቱ ሁለት መርፌ ያላትን የእርጥበት መለኪያ ፕላይውዱ ላይ ወጋ፤ ከመቶ አሥር አለች። ኦኩ ላይ ወጋ፤ ስምንት አለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአራት ካልበለጠ ተስማሙ ማለት ነው። ንጋቱ ደስ ብሎት አፏጨ።

ከመሄዱ በፊት ልሳነወርቅን ወለሉ መሃል አቆመው።

«ነገ ሌላ ቦታ ሥራ አለን። ሐሙስ ጠዋት ማንጠፍ እንጀምራለን፣ ቅዳሜ አልቆ ታገኘዋለህ። እስከዚያ ይቺን ብቻ ስማኝ። ይሄን ፕላይውድ ጫማ ይርገጠው፣ አቧራ ይልበሰው፣ ግድ የለኝም። ውሃ ግን አንዲት ጠብታ እንዳትነካው። ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገር። ሰማህ?»

«ሰማሁ ጋሼ። አታስብ፤ ዶንት ወሪ!»

ይቺ «ዶንት ወሪ» የምትባል ነገር ስንቱን ቤት አፍርሳለች!

ሐሙስ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ የተቀበላቸው የበረኪና ሽታ ነው። ፕላይውዱ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። በየመገጣጠሚያው ውሃ ገብቶ ጠርዙ ማበጥ ጀምሯል። በእርሳስ ያሰመሩት ሁሉ ጠፍቷል። ዋቅጅራ የመሣሪያውን ሳጥን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆመ። ንጋቱ ደግሞ መጀመሪያ ጣራውን ነው ያየው፤ ቧንቧ የፈነዳ መስሎት ነበር።

እማማ ዓባይነሽ ከኩሽና ብቅ አሉ። የልሳነወርቅ እናት ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ከአገር ቤት ከመጡ አምስት ወራቸው። ፊታቸው በርቷል።

«እንዴት አደራችሁ ልጆቼ? እንዲህ ያለ እድፍ ላይ ልታነጥፍ ነበር ልጄ? ክርስትና በሚበላበት ቤት! ትናንት ልሳኔ ሥራ ሲሄድ ባልዲዬን ይዤ ተነሳሁለት። አምስት ባልዲ ነው ያፈሰስኩበት። የጣውላ ወለል እኔ አውቅበታለሁ፤ ውሃና ሳሙና ካልጠጣ አይጠራም።»

እውነታቸውን ነው። አገር ቤት የጣውላ ወለል በውሃ ተፈግፍጎ፣ መስኮት ተከፍቶለት፣ ፀሐይና ነፋስ ገብቶበት ደርቆ በሰም ይወለወላል። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ሲያደርጉ ነው የኖሩት። ይሄኛው ግን በሙጫ የተደራረበ ስስ እንጨት መሆኑን፣ አንዴ ከጠጣ በቶሎ እንደማይተፋ፣ ኦክ ከተጫነበት ደግሞ የጠጣውን ወደ ላይ እንደሚያቀብል ማን ይንገራቸው? መንገር የነበረበት ልጃቸው ነው።

የንጋቱ ደም ፈላ። ጆሮው ድረስ ጋለው። ግን በእናቱ ዕድሜ ባሉ ሴት ላይ፣ ያውም ለእሱ ብለው ወገባቸው እስኪቆረጥ በፈገፈጉ ሴት ላይ አፉን እንዴት ይክፈት? ጥርሱን ነክሶ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ ደከሙ» አለ። እሳቸውም መርቀውት ወደ ኩሽናቸው ተመለሱ። ንጋቱ መለኪያዋን አውጥቶ ወጋ። ሃያ ስድስት።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ ዋቅጅራ።

«ተረትህን ለራስህ!» ብሎ ንጋቱ ወደ ጓሮ ወጣ።

ልሳነወርቅ ጓሮ ወንበር እየደረደረ ነበር። ንጋቱ ክንዱን ያዘውና አጥሩ ጥግ አደረሰው።

«ነግረሃቸዋል?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ውሃውን! ውሃ አይንካው ያልኩህን ለእናትህ ነግረሃቸዋል ወይ?»

ልሳነወርቅ መሬት መሬት አየ። «ምን ብዬ ልንገራት? እናቴ እኮ ናት። ‹ይሄን አትንኪ፣ ያንን አታድርጊ› ብዬ ልዘዛት? ከመጣች ጀምሮ ስቶቩን አትንኪ፣ በሩን አትክፈቺ፣ ስልኩን አታንሺ እያልን አስጨንቀናታል። ደግሞ ታጥባለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።»

«እናትህን ማዘዝ ካፈርክ መለመን አትችልም? ‹እማዬ በሞቴ› ማለት ምላስህን ይቆርጠዋል? ሁለት ቀን ሙሉ በጉልበቴ ስድህ የዋልኩት ለማን መሰለህ? አንተ ጨዋ ልጅ እንድትባል የእኔ ሥራ ይበስብስ?» ንጋቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጮህ የሚችል ሰው ነው፤ ያን ዕለት ቻለበት። ልሳነወርቅ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላየውም።

አራት የአየር ማራገቢያ ፋን አመጡ። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ተከራይተው መሃል ላይ ተከሉ፤ እማማ ዓባይነሽ የሥራው ደንብ መሰላቸው። ሁለት ቀን ቤቱ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጮህ ዋለ፤ ውጭው ደግሞ ኦገስት ነው፣ ሸሚዝ ሰውነት ላይ የሚጣበቅበት የዚህ አገር ወበቅ። ቅዳሜ ጠዋት ንጋቱ ወጋ። ሃያ አንድ። እዚህም ወጋ፣ እዚያም ወጋ፤ ያው ነው።

«ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል» አለ።

ብሩክታይት ሕፃኗን እንዳቀፈች ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ ወረደ። ልሳነወርቅ ንጋቱን ወደ ጎን ጎተተው። «ጋሼ፣ ዝም ብለህ አንጥፈው። ዛሬ አራት አምስት ሰው አምጥተን እስከ ምሽት እንጨርሰዋለን። ለነገ ብቻ ይመርልኝ። በኋላ ቢነሳ እኔ ነኝ ተጠያቂው፤ ስምህን አላነሳም።»

እዚህ ላይ ንጋቱን ጻድቅ አላደርገውም። አሰበበት። ኦኩን አየው፤ እንደዚያ ያለ ወለል ነገ መቶ ሃምሳ ሰው ሲረግጠው፣ ዋለልኝ ጎንበስ ብሎ ሲዳብሰው፣ ኪራኮስ አንገቱን ሲደፋ ታየው። ወለሉ ቢያብጥ ከክርስትናው በኋላ ነው። ማን ያያል? ከዚያ ግን ኪራኮስ ያለቀሰበት ቀን ትዝ አለው። ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር የተባለው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ሁለተኛ አፍስሶ የሚለቅም ደግሞ ሞኝ ነው።

«አላነጥፍም» አለ። «ሁለት ሳምንት ቆይቼ መጥቼ አነጥፍልሃለሁ። ዛሬ ግን አንገቴን ብትቆርጠው አላነጥፍም።»

ልሳነወርቅ ተሸነፈ። «እሺ። አንድ ነገር ብቻ፣ በማርያም። ለእናቴ በእሷ ምክንያት መሆኑን እንዳትነግራት። ዘጠኝ ዓመት ይቺን ልጅ ስትለምን የኖረች ሴት ናት፤ ልቧ ይሰበራል።»

«እኔስ ለምን እነግራቸዋለሁ? አንተም ግን ለሰው እውነቱን ንገር። ማን እንዳፈሰሰ አትናገር፤ ውሃ ነክቶት ነው በል፣ ቧንቧ ነው በል። ብቻ ንጋቱ አላደረሰም እንዳትል።»

«አልልም ጋሼ። ሙት!» ልሳነወርቅ እጁን ሰጥቶ ማለለት።

እሑድ ጠዋት ስሂን «ቅር» አለችው። ሌላ ጊዜ ገፍታ የምትልከው ሴት ያን ዕለት በር ላይ ቆመች። «ስጦታውን እኔ አደርሳለሁ። አንተ ስትናደድ የምትናገረውን አታውቅም። ዝም አይነቅዝም።» ንጋቱ አልሰማትም። ቢቀር «አፍሮ ቀረ» ሊባል ነው። ከረባቱን አሰረና ሄዱ።

ሲደርሱ ቤቱ ጢም ብሏል። ንጋቱ ገና ደጃፉን ሲረግጥ ያየው ነገር አናቱን መታው። ያን እርጥብ ፕላይውድ ላስቲክ አንጥፈውበት፣ በላዩ ላይ የተዋሱትን ምንጣፍ ሁሉ ደርበውበታል። እንግዲህ በምን ይድረቅ? ሁለት ሳምንት ያለው ወር ሊሆን ነው። እንደምንም ዋጠው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ብሩክታይትን ሳመ፣ ሕፃኗን መረቀ። ሶፋው መሃል ነጭ በነጭ ለብሰው የተቀመጡትን እማማ ዓባይነሽን ጎንበስ ብሎ ጨበጠ። «አይዞህ ልጄ» አሉት እጁን ሳይለቁ፣ «ሥራ ይዘገያል፤ ሰው ነህ።»

ሥራ ይዘገያል? ንጋቱ ቀና አለ። ልሳነወርቅን በዓይኑ ፈለገው። ልሳነወርቅ ምግብ በሚነሳበት ጠረጴዛ አጠገብ ሳህን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶታል።

ያኔ ነው ዋለልኝ ያየው።

«ኧረ ንጋቱ!» አለ ከዳር ዳር እንዲሰማ። «የኪራኮስ ቤት ወለል ተነስቶ ተቀበለን፤ የዚህ ቤት ወለልህ ደግሞ ጭራሽ ቀረ እኮ! ምነው፣ ካርድ አልደረሰውም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥርስ ያልነበራቸው ሰዎች ሁሉ ሳቁ። ኪራኮስ ጢሙን እየጠረገ «እኔ ልሳነወርቅን ነግሬው ነበር! ከእኔ ተማር ብዬዋለሁ!» አለ። ስሂን የንጋቱን ኮት ከኋላ ያዘች።

«ለምን አልተነጠፈም ተባላችሁ?» አለ ንጋቱ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«እኛ ምን እናውቃለን» አለ ዋለልኝ። «ልሳነወርቅ ‹ሥራ በዝቶበት አላደረሰልንም› አለን።»

«ልሳነወርቅ! ዙር ወደዚህ። እንዲህ ነው ያልከው?»

ልሳነወርቅ ዞረ። ፊቱ ላብ በላብ ነው። «ጋሼ፣ በናትህ ቀኑን አታበላሽብን። በኋላ እንነጋገራለን...»

«ትናንት እጅህን ሰጥተህ አልማልክልኝም? ሁለት ቀን በጉልበቴ ድሄ ያስተካከልኩትን ወለል ረስተህ እኔን መሳቂያ ታደርጋለህ? እናንተም ስሙ!» ንጋቱ አሁን ድምፁን ዝቅ ማድረግ አልቻለም። «ይሄ ወለል ያልተነጠፈው ንጋቱ ስለዘገየ አይደለም። አምስት ባልዲ ውሃና በረኪና ተደፍቶበት ነው! እንኳን ኦክ፣ ሰሌን አይነጠፍበትም! አንጥፍ አለኝ፣ እንቢ አልኩ። ዋሽቼ ባነጥፈው ዛሬ ታጨበጭቡልኝ ነበር!»

ሳቁ ቆመ። ንጋቱ አንድ አፍታ ደስ አለው። አራት ዓመት ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ሲወርድ ተሰማው።

«አምስቱን ባልዲ ያፈሰስኩት እኮ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከሶፋው መጣ። እማማ ዓባይነሽ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያዩታል። «አጥቤልህ፣ አመስግነኸኝም የለም እንዴ? ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»

ዋለልኝ ከንጋቱ አጠገብ ገለል አለ። ንጋቱ መመለስ ነበረበት፤ ሰው ሁሉ እሱን እሱን ያያል። የልሳነወርቅ ዓይን «ተው፣ ተው» ይለዋል። የንጋቱ ንዴት ግን ገና አልበረደም፤ ያቺን ዓይን ሲያይ እንዲያውም ባሰበት።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም እማማ። ያጠፋው ልጅዎ ነው። ይሄ እንጨት ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ማክሰኞ ዕለት ‹ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገር› ብዬው ነበር። እርስዎን መንገር አፈረ።»

እሳቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነግሮህ ነበር?»

«እማዬ፣ አሁን ተይው...»

«ነግሮህ ነበር ወይ አልኩህ!»

«አዎ።»

«ከሐሙስ ጀምሮ ታውቃለህ። በእኔ ጥፋት ሰውዬው ሲሳቅበት አንተ እዚያ ቆመህ ትበላለህ። እኔንም ሁላችሁም ደበቃችሁኝ። ምን አደረጋችሁኝ እኔን? ሕፃን?» የሶፋውን ክንድ ተደግፈው ተነሱ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉ። ንጋቱ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባው ረፍዶ ነበር።

ፊቱ መጥተው ተንበረከኩ። ላስቲኩ ከምንጣፉ ሥር ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ልጄ፣ ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«ኧረ በስመ አብ! እማማ ይነሱ! እባክዎ ይነሱ!» ንጋቱ በሁለት እጁ ሊያነሳቸው ያዛቸው። እግሩን አጥብቀው ይዘዋል። አጥንታቸው ቀላል ነው፤ ቢስባቸው ይነሱለት ነበር፣ ግን እንዴት አድርጎ ይሳባቸው?

«ይቅር ለእግዚአብሔር ካላልክ አልነሳም።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር! ይቅር ብያለሁ! ይነሱ!»

ያን ጊዜ ተነሱ። ሊደግፋቸው የመጣውን ልጃቸውን እጁን ገፉት። ወደ ሶፋው አልተመለሱም፤ የደረጃውን ብረት ይዘው አንድ አንድ እያሉ ወደ ላይ ወጡ፣ በራቸውም ሲዘጋ ተሰማ። ብሩክታይት ሕፃኗን ይዛ ተከተለቻቸው። ትንሽ ቆይታ ብቻዋን፣ ሕፃኗን እንዳቀፈች ወረደች። «አልወርድም አሉ» አለች ለማንም ሳትነግር፣ ለራሷ እንደሚናገር ሰው።

ቀስ በቀስ ሰው ወደ ምግቡ ተመለሰ። ዋለልኝ መጥቶ የንጋቱን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ወንድሜ፣ ይቅርታ። እኔ ድሮም ንጋቱ ሥራውን ያውቃል ነው የምለው።» ኪራኮስም በበኩሉ ተጠጋና ጆሮው ላይ «የእኔም ሲሚንቶ ነበር ጥፋቱ፤ አንድ ቀን መጥተህ ብታስተካክልልኝ» አለው። ሌላ አንዱ፣ ንጋቱ የማያውቀው ሰው፣ አስፐን ሂል ላለው ቤቱ ወለል ሊያሠራ ስልክ ቁጥሩን ጠየቀው። አራት ዓመት የጠበቀው ነገር ሁሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መጣ። ንጋቱ ግን ሳህን ሲሰጡት አልተቀበለም፤ ከሕዝቡ መሃል ወጥቶ ወደ ቫኑ ሄደ። ስሂን ከኋላው ተከተለችው።

መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ተናዷል፤ እንደዚያ ተናዶ አያውቅም። በልሳነወርቅ ቢሆን ይቀለው ነበር። በዋለልኝም አልነበረም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማማ፣ ዘገየሁ» ማለት ይችል ነበር። ልሳነወርቅ ውሸቱን አዘጋጅቶ፣ ለሰው አሰምቶ፣ አፉ ላይ አስቀምጦለት ነበር። ዋለልኝ ይስቅ ነበር። ኪራኮስ ይስቅ ነበር። እማማ ዓባይነሽ ግን ዘጠኝ ዓመት የለመኗትን ልጅ ታቅፈው ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ይውሉ ነበር። ማንም አላስገደደው። እያወቀ ነው የተናገረው።

«ስምህ ጠራ እኮ» አለችው ስሂን ቀስ ብላ። «ያን ሁሉ ዘመን የፈለግከው ይሄን አይደለም እንዴ?»

ንጋቱ ቁልፉን አስገብቶ ሳያዞረው ቆየ።

«ሰባ ስምንት ዓመታቸው እኮ ነው፣ ስሂን» አለ።